የተጠለፈች ልጅ ጉዳይ በሽምግልና አይዘጋም

የገጠሩን ኑሮ ለማሻሻል ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ እርከንና ስለ ምንጭ ማጎልበት ብዙ ይነገራል፤ ብዙም ይሠራል። ይሁን እንጂ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ፣ እንጨት ልትለቅም ወጥታ ወይም ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጎረምሶች ተይዛ የተወሰደች ልጅ ጉዳይ ከልማት ሥራ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል አመለካከት እስከ ዛሬ አልጠፋም። ነገሩ የሁለት ቤተሰብ ነው፣ ሽማግሌ ይበቃዋል ተብሎ ይታለፋል። ይህ አመለካከት በልጃገረዶች ላይ የሚደርሰውን ግፍ ዕድሜ ከሚያራዝሙት ምክንያቶች ዋነኛው በመሆኑ በብርቱ ሊታሰብበት ይገባል።

በብዙ ወረዳዎች የገጠር ቀበሌ ዛሬም ገበሬ ማኅበር እየተባለ ይጠራል። የማኅበሩ መሪ ጠለፋ ወይም መደፈር በደረሰ ጊዜ ከፖሊስም፣ ከዓቃቤ ሕግም፣ ከዳኛም በፊት ወሬው የሚደርሰው ሰው ነው። ፖሊስ ጣቢያው የሰዓታት መንገድ ሊርቅ ይችላል፤ መሪው ግን ጎረቤት ነው። ስለዚህ የልጅቷ ዕድል በአብዛኛው የሚወሰነው ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት፣ መሪው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት በሚያደርገው ወይም ሳያደርግ በሚቀረው ነገር ነው።

ሽምግልናው ለማን ይቆማል?

የጠለፋ ልማድ እንደየአካባቢው ቢለያይም አካሄዱ ተቀራራቢ ነው። ጠላፊው ልጅቷን ጠይቆ የተከለከለ፣ ጥሎሹና ድግሱ የከበደው ወይም ሌላ ሰው እንዳይቀድመው የሰጋ ነው። ጓደኞቹን ያስተባብራል፤ መንገድ ላይ ጠብቆ ይይዛታል፤ ከዘመድ ቤት ይደብቃታል፤ በግድ ይደፍራታል። ከዚህ በኋላ ወደ አባቷ ቤት ሽማግሌ ይላካል። አባት ይቆጣል፤ ወንድሞች መሣሪያ ያነሳሉ። ሽማግሌዎቹም «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ ከእንግዲህ ማን ያገባታል?» እያሉ ያረጋጋሉ። ካሣ ይቆረጣል፣ ጥሎሽ ይሰጣል፣ ይመረቃል። በዚህ ጉባዔ የጠላፊው ወገን ይናገራል፤ አባት ይናገራል፤ አጎት ይናገራል። ሐሳቧን ያልተጠየቀችው ልጅቷ ብቻ ናት።

እንዲህ ያለው እርቅ ሁለት ቤተሰቦችን ከደም ያድን ይሆናል። ልጅቷን ግን ከደፈራት ሰው ጋር ዕድሜ ልኳን እንድትኖር ይፈርድባታል። ከዚህም ሌላ የመንደሩ ጎረምሳ ሁሉ በዓይኑ አይቶ ትምህርት ይወስዳል። ተከልክሎ የነበረው ሰው በጉልበቱ የፈለገውን አገኘ፤ በመጨረሻም ተመረቀ። ለሚቀጥለው ጠላፊ ከዚህ የበለጠ ማበረታቻ የለም።

ቀድሞ ሕጉ ራሱ ለዚህ በር ይከፍት ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተጠለፈችው ሴት በፈቃዷ ከጠላፊው ጋር ጋብቻ ከመሠረተች ክሱ እንዳይቀጥል ያደርግ ነበር። ሽማግሌ በከበባትና አባቷ በፈረመባት ልጅ ዘንድ «በፈቃዷ» የሚለው ቃል ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ለመገመት አያስቸግርም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘግቶታል። በአንቀጽ 587 መሠረት ሴትን ለማግባት አስቦ በኃይል የጠለፈ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ ከደፈራት ደግሞ ስለ መድፈሩም በተጨማሪ ይጠየቃል። የተደፈረችው ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጅ ከሆነች ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። ከሁሉም በላይ መሪዎች በቃላቸው ሊይዙት የሚገባው ነጥብ፣ ጠላፊው በኋላ ቢያገባትም ከወንጀል ተጠያቂነት የማያመልጥ መሆኑ ነው። ስለ ደረሰባት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብትም የተበዳይዋ የራሷ ነው፤ በአባትና በሽማግሌ ስምምነት የሚሸጥ የሚለወጥ አይደለም።

ሕጉ ከመለወጡ በፊት በአርሲ የደረሰው ነገር እዚህ ላይ ቢጠቀስ ተገቢ ነው። በ1989 ዓ.ም. አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠልፋ ተደፈረች። ለማምለጥ ስትሞክር የጠላፊውን መሣሪያ ይዛ ስለነበር ተከታትሎ ሲደርስባት ተኩሳ ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ አቁሞላት ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ሲል በነፃ አሰናበታት። ታሪኩም በ2006 ዓ.ም. «ድፍረት» በተባለው ፊልም ለዓለም ታየ። ፍርድ ቤት ነፃ ያላት ልጅ ግን ወደ ቀዬዋ በሰላም ለመመለስ አልቻለችም። ይህም የሚያሳየው የሕግ ድል ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። መንደሩ ካልተቀበላት ፍርዱ ግማሽ ይሆናል፤ ሌላውን ግማሽ የሚሞላው የአካባቢው ማኅበረሰብና መሪው ነው።

የሽምግልና ወዳጆች የሚያነሱት ክርክርም በቅንነት ሊታይ ይገባዋል። ፖሊስ ሩቅ ነው፤ ምስክር ይጠፋል፤ ተከሳሹ በዋስ ወጥቶ ይዝታል፤ ክሱ ቢወድቅ የሚቀረው ቂም ነው ይላሉ። እነዚህ ችግሮች በእውነት ያሉ ናቸው። ነገር ግን መፍትሔያቸው ልጅቷን መስጠት አይደለም። ሽማግሌ የወንድሞቿን ቁጣ አብርዶ ደም እንዳይፈስ ያድርግ፤ ምስክሮች እንዳይፈሩ ይጠብቅ፤ የጠላፊው ዘመዶች እንዳይዝቱ ያስጠንቅቅ። ይህ የተከበረ ሥራ ነው። ወንጀሉን ሸፍኖ ማስታረቅ ግን የሽማግሌ ሥልጣን አይደለም፤ የማኅበራዊ ፍርድ ቤትም ሥልጣን አይደለም።

ዝምታው ምን ያህል ጥልቅ ነው?

በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች ውስጥ 23 በመቶ የሚሆኑት ከ15 ዓመታቸው ወዲህ የአካል ጥቃት፣ 10 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ በሕይወታቸው ውስጥ የወሲብ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ከእነዚህ ከተጠቁት መካከል 66 በመቶ የሚሆኑት እርዳታም አልጠየቁም፣ ለማንም አልነገሩም። እርዳታ የጠየቁትም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መማር ያለበት ጎረቤት ነው። እርዳታ ፈልጋ የመጣችን ሴት «ቻይው፣ የሁሉም ቤት እንዲህ ነው» ብሎ የመለሰ ጎረቤት ዳግመኛ እንዳትናገር አፏን ዘግቷታል።

በዚያው ጥናት ባል ሚስቱን ለመምታት ቢያንስ አንድ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ያሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች ደግሞ 28 በመቶ ነበሩ። ይህን ቁጥር አይቶ ሴቶቹን መውቀስ አይገባም። ሴት ልጅ ችላ እንድትኖር ከእናቷ፣ ከአክስቷና ከአማቷ ስትመከር ማደጓን ያሳያል። ትምህርቱ ለወንዶች ብቻ ወይም ለሴቶች ብቻ ሳይሆን ለሁለቱም መሆን ያለበትም ከዚህ የተነሣ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ምን ይደረግ?

ጥቃት መድረሱ እንደተሰማ ከሁሉ የሚቀድመው ልጅቷን ከጠላፊው እጅ አውጥቶ ደኅንነት ወደምታገኝበት ቦታ ማድረስ ነው። ለዚህም ወዲያውኑ ለፖሊስ መንገር ያስፈልጋል። የጠላፊው ሽማግሌዎች ጊዜ ለመግዛት «እስከ እሁድ ታገሡን» ማለታቸው የተለመደ ነው፤ ይህ ጥያቄ ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም። እሑድ እስኪደርስ ሕክምናውም ማስረጃውም ያልፋል።

ልጅቷ ከተገኘች በኋላ በሰው መካከል አቁሞ መጠየቅ ነውር ነው። የሆነውን ነገር ለፖሊስና ለሐኪም ትናገራለች፤ ለመንደሩ ጉባዔ የመናገር ግዴታ የለባትም። እሷ የምታምናት አንዲት ሴት፣ እናት ብትሆን አክስት ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ከአጠገቧ ሳትለይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ትሂድ። በኤች አይ ቪ እንዳትያዝ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥርም ይሻላል። ያልተፈለገ እርግዝናን የሚከላከለው መድኃኒት ደግሞ እስከ አምስት ቀን ሊሰጥ ቢችልም እሱም ሲዘገይ ኃይሉ ይቀንሳል። ሐኪም ከማየቱ በፊት ገላዋን ባትታጠብ፣ የለበሰችውም ልብስ ሳይታጠብ በወረቀት ተጠቅልሎ ቢያዝ ለማስረጃ ይጠቅማል። ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ማስረጃውን ያበላሻል። ታጥባ ወይም ቀኑ አልፎ ቢሆንም ግን ሕክምናው አይቀርም፤ ክሱም አይቀርም።

ለዚህ ሁሉ የትራንስፖርት ገንዘብ ያስፈልጋል። ብዙ ቤተሰብ ልጁን ወደ ከተማ ሆስፒታል ሳያደርስ የሚቀረው ባለመፈለግ ሳይሆን የመኪና መክፈያ በማጣት ነው። እድሩ ለሞተ ሰው ድንኳንና ንፍሮ እንደሚያዘጋጅ ሁሉ፣ በሕይወት ያለችውን ልጅ ሐኪም ዘንድ ለማድረስ አነስተኛ ገንዘብ ቢመድብ ከዓላማው አልወጣም። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተጀመረው ሐኪም፣ ፖሊስና ዓቃቤ ሕግ በአንድ ቦታ የሚገኙበት አገልግሎት በሌሎች ከተሞችም ተከፍቷል። መሪው ለቀበሌው ቅርብ የሆነው የትኛው እንደሆነ ችግሩ ከመድረሱ በፊት የሴቶችን ጉዳይ ከሚይዘው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ማወቅ አለበት። ጠለፋ ከደረሰ በኋላ አድራሻ ማፈላለግ ከሦስቱ ቀናት አንዱን ይበላል።

ከሦስቱ ቀናት በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነው። ልጅቷ ወደ ትምህርቷ መመለስ አለባት፤ የክፍል ጓደኞቿም እንዳይጠቋቆሙባት ርዕሰ መምህሩ ሊጠብቃት ይገባል። ክሱ እስኪያልቅ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ባለ ቁጥር አብሯት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ መሪው በእድርና በስብሰባ ላይ የነውሩ ባለቤት ጠላፊው እንጂ ልጅቷ አለመሆኗን ስሟን ሳያነሳ በግልጽ ቢናገር፣ «ማን ያገባታል?» የሚለው ወሬ ጉልበቱን ያጣል።

ትምህርቱ በየት ይግባ?

ጠለፋና ያለ ዕድሜ ጋብቻ አንዱ ሌላውን የሚመግቡ ናቸው። ብዙ አባት የ13 ዓመት ልጁን የሚድረው ጭካኔ ኖሮበት አይደለም። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ መንገዱ ያስፈራል፤ ሳትጠለፍብኝ ወይም ሳታረግዝብኝ በክብር ልዳራት ይላል። እንግዲህ ጠለፋ በሽምግልና በታለፈ ቁጥር ሌሎች አባቶች ፈርተው ልጆቻቸውን ገና በለጋነታቸው ይድራሉ። ስለዚህ አባቶችን በደፈናው «አትዳሩ» ብሎ መንገር አይበቃም፤ የሚፈሩትን ነገር ማስወገድ ያስፈልጋል። ተማሪዎች በቡድን እንዲሄዱ ማድረግ፣ በጫካና በወንዝ ማቋረጫ ላይ ወላጆች ተራ ገብተው እንዲሸኙ ማደራጀት፣ በገበያ ቀን መንገዱን መጠበቅ ገንዘብ የማይጠይቁ ሥራዎች ናቸው። ለደቦና ለእርሻ መተጋገዝ የለመደ ገበሬ ለዚህም አያንስም።

የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጎታል። ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ከሕግ ውጭ ያገባ ሰው ልጅቷ 13 ዓመት የሞላት ከሆነ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች ደግሞ እስከ 7 ዓመት ጽኑ እሥራት ሊፈረድበት ይችላል። ይሁን እንጂ ዕድሜዋ በጽሑፍ ካልተያዘ አባት «አሥራ ስምንት ሞልቷታል» ብሎ ይከራከራል። ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአገሪቱ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ተጀምሯል። ዛሬ የሚመዘገብ እያንዳንዱ ልደት ከዓመታት በኋላ አንዲትን ልጅ የሚያድን ማስረጃ ነው። መሪዎች ምዝገባውን እንደ ተራ የጽሕፈት ሥራ ሊያዩት አይገባም።

ማስተማርን በተመለከተ በአገራችን የተሠሩ ሁለት ሥራዎች ብዙ ይጠቁማሉ። በከምባታ በዶክተር ቦጋለች ገብሬ የተመሠረተው ድርጅት የሴት ልጅ ግርዛትንና ጠለፋን ለመዋጋት ሲነሳ በቅድሚያ የሠራው ድልድይ ነበር፤ ሕዝቡ የጠየቀው እሱን ነበርና። ከዚያ በኋላ በየቀበሌው ሽማግሌ፣ ሴት፣ ወጣትና የሃይማኖት አባት በአንድነት ተቀምጠው በየጊዜው እንዲወያዩ ተደረገ። የውሳኔው ባለቤትም ሕዝቡ ራሱ ሆነ። ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተዳረች፤ ሙሽራውም በእሷ መኩራቱን ለሕዝብ ገለጸ። ዶክተር ቦጋለች በ2012 ዓ.ም. አርፈዋል፤ አሠራራቸው ግን ለማንኛውም ገበሬ ማኅበር ትምህርት ይሆናል። የሕዝቡን ችግር ያልሰማ አስተማሪ የራሱን ትምህርት የሚሰማለት አያገኝም።

ሁለተኛው በአማራ ክልል በሞሰቦ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. የተካሄደው «ብርሃነ ሔዋን» የተሰኘው ሥራ ነው። ልጃገረዶቹ በቡድን ተደራጅተው አንዲት ታላቅ ሴት እየመራቻቸው ይገናኙ ነበር፤ የትምህርት መሣሪያ ይሰጣቸው ነበር፤ ጎልማሶችም ይወያዩ ነበር። ሁለቱን ዓመት ሳትዳር ለቆየች ልጅ ቤተሰብ ደግሞ የምትረባ አንዲት እንስሳ ተሰጠች። ውጤቱ ሲመዘን ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ የሚፈጸመው ጋብቻ ከፍተኛ ቅናሽ አሳየ። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ ግን የጋብቻው ቁጥር አልቀነሰም፤ እንዲያውም ከፍ ብሎ ታየ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ልጅቷን እስከ 14 ዓመት ጠብቆ መተው አይበቃም፤ ትምህርቱም ድጋፉም እስከ 18 ዓመቷ ሊከተላት ይገባል።

ለትምህርቱ አዲስ አዳራሽ አያስፈልግም። እድር አለ፤ ሰንበቴና ማኅበር አለ፤ ከጁምዓ ስግደት በኋላ የሚደረግ ጨዋታ አለ፤ ቡና አለ። ዋናው ቁም ነገር ጊዜውን ማወቅ ነው። የሠርጉ ወር ጥር ነውና ውይይቱ ጥር ከገባ በኋላ ሳይሆን አዝመራ ከመሰብሰቡ በፊት፣ አባት ገና ጠላ ሳይጠነሰስና ቃል ሳይሰጥ መደረግ አለበት። የነፍስ አባቱና ኒካህ የሚያስሩት ሼህ የሙሽራይቱን ዕድሜ ሳያረጋግጡ እንዳይባርኩ አስቀድሞ ማነጋገር ያስፈልጋል። ጎረምሶችን በሚመለከት ደግሞ ጠላፊው ብቻ ሳይሆን ፈረስ ያቀረበው፣ መንገድ የጠበቀውና ቤቱን ለመደበቂያ የሰጠውም በወንጀሉ ተካፋይ ሆኖ እንደሚጠየቅ ሊነገራቸው ይገባል። ብዙ ወጣት ለጓደኛው ሚዜ የሆነ እየመሰለው ወንጀል ውስጥ ይገባል።

የመሪው የራሱ ፈተና

የመሪው ትክክለኛ መለኪያ የሚመጣው ጠላፊው የራሱ የወንድሙ ልጅ፣ የአበልጁ ልጅ ወይም በአካባቢው ባለ ብዙ ከብት የሆነ ሰው ሲሆን ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ መሪው ከጉዳዩ ራሱን አግልሎ ሥራውን ለሌላ ኃላፊ ማስረከብ፣ ፖሊስም ሥራውን እንዲሠራ መንገድ መክፈት አለበት። ድሃን አስይዞ ዘመድን በሽምግልና የሚያወጣ መሪ አንድ ልጅ ብቻ አልበደለም፤ ሕዝቡ በሕግ ላይ ያለውን እምነት ሁሉ አፍርሷል።

እንግዲህ መሪዎች ከመጪው ጥር በፊት ሊጨርሷቸው የሚችሉ ሥራዎች አሉ። ከሽማግሌዎችና ከሃይማኖት አባቶች ጋር ተቀምጦ ጠለፋና መደፈር በዚህ ቀበሌ በእርቅ አይዘጋም ብሎ በጉባዔ መወሰንና ቃለ ጉባዔ መያዝ አንዱ ነው። ከእድሩ ጋር ለሕክምና መጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ መመደብ ሌላው ነው። የጤና ጣቢያው፣ የፖሊስ ጣቢያውና የዓቃቤ ሕጉ ስልክ በቀበሌው ጽሕፈት ቤትና በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የተማሪዎች መንገድ ጥበቃም በተራ ይደልደል። ይህን ያደረገ ገበሬ ማኅበር ጠለፋን በአንድ ዓመት አጠፋ ማለት አይቻልም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ይዞ የሚመጣ ጠላፊ የሚያገኘው መልስ ምርቃት ሳይሆን ፖሊስ እንደሚሆን አስቀድሞ ያውቃል፤ ልጅቷም ብትጮህ የሚሰማት እንዳለ ታውቃለች።